ኩሬተር ለመሆን ማስተርስ ያስፈልጋል ወይ?

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ ለሥነ ጥበብ፣ ለታሪክና ለአርኪዮሎጂ ተማሪዎች ካደረግኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። አነጋገሩን ብዙ አልነካካሁትም።

ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ገሚሶቻችሁ ሠዓሊዎች ናችሁ። ታሪክና አርኪዮሎጂ ያጠናችሁም አላችሁ። ጋለሪ ውስጥ የምትሠሩም አያለሁ። ይዛችሁት የመጣችሁት ጥያቄ ግን አንድ ይመስለኛል። ዓውደ ርዕይ ማዘጋጀትን በሁለተኛ ዲግሪ መማር ያዋጣል ወይ? ያውም ውጭ አገር ሄዶ፣ ያን ሁሉ ብር ከፍሎ?

መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ኩሬተር፣ ማለትም ዓውደ ርዕይ አዘጋጅ፣ ለመባል ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ። ትምህርቱ የሚያዋጣው እውነተኛ ዕቃ በእጃችሁ ካስያዛችሁ፣ እውነተኛ ክፍል ካስከፈታችሁና ተመልካች ፊት ካቆማችሁ ነው። እነዚህ የሌሉት ማስተርስ ብዙ ያስነብባችኋል። ሙያውን ግን አያስይዛችሁም። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መጀመሪያ ዲግሪው ሳይኖራቸው የሠሩትን እናንሳ። ኦኩዊ ኤንዌዞር በ1963 ናይጄሪያ ተወለደ። አሜሪካ ሄዶ የተማረው ፖለቲካል ሳይንስ ነው። ግጥም ይጽፍ ነበር። በ1994 ንካ የተባለውን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ መጽሔት ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር መሠረተ። በ1997 ሁለተኛውን የጆሃንስበርግ ቢናሌ መራ፤ ቢናሌ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ የሥነ ጥበብ ዓውደ ርዕይ ነው። በ2002 ደግሞ ጀርመን፣ ካሰል ከተማ የሚካሄደውን ዶክመንታ የተባለ ትልቅ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዓውደ ርዕይ የመራ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ያልሆነ ሰው ሆነ። ያን ዓውደ ርዕይ በካሰል ብቻ አላደረገውም። በሩ ከመከፈቱ በፊት ውይይቶቹን ቪየና፣ ኒው ዴሊ፣ ሴንት ሉሺያና ሌጎስ ወስዶ አካሄደ። እንዲህ ዓይነቱን ሐሳብ ማንም መምህር ክፍል ውስጥ አልሰጠውም።

ኮዮ ኩኦ ካሜሩን፣ ዱዋላ የተወለደች ናት። ስዊዘርላንድ የተማረችው የባንክና የቢዝነስ ትምህርት ነው። በ2008 ዳካር ላይ ሮው ማቴሪያል ካምፓኒ የተባለውን የሥነ ጥበብ ማዕከል አቋቋመች። በ2019 ኬፕታውን የሚገኘውን የዛይትስ ሙዚየም መምራት ጀመረች። የ2026ቱን የቬኒስ ቢናሌ እንድታዘጋጅ ከተመረጠች በኋላ፣ በግንቦት 2025 አረፈች።

የእኛዋ መስከረም አሰግድ ወደዚህ ሥራ የመጣችው በአንትሮፖሎጂ በኩል ነው። ከሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ጋር ሆና ዞማን ሠራች። በ2019 የተከፈተውን ሙዚየም ያላያችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሂዱ። ጭቃና ጭድ እንዴት ሙዚየም እንደሚሆን ታያላችሁ። ኢትዮጵያ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢናሌ የራሷ ማሳያ ቦታ (ፓቪሊዮን) ሲኖራት የቀረበው የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥዕል ነበር። ኩሬተሩ ለምን ሲሳይ ደግሞ ገጣሚ ነው።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ያለ ዲግሪው ከሠሩት ትምህርት ቤቱ ለምን ተፈለገ?

ድሮ ኩሬተር ማለት አንድ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ አንድ ስብስብ የሚጠብቅና የሚያጠና ሰው ነበር። የሳንቲም ኩሬተር አለ። የብራና ኩሬተር አለ። ሥራውን የሚማረው ከአለቃው ነው። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ሲቀያየሩ ግን ሙያውም አብሮ ተቀየረ። በ1969 ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ውስጥ ሃራልድ ዜማን የሚባል የጋለሪ ዳይሬክተር አንድ ዓውደ ርዕይ አዘጋጀ። ብዙዎቹ አርቲስቶች ያለቀለት ሥራ ይዘው አልመጡም። እዚያው መጥተው ሠሩ። አንዱ የሕንፃውን የእግረኛ መንገድ በትልቅ የብረት ኳስ ሰባበረው። ሌላው ከግድግዳው ላይ ልስኑን በካሬ ቆርጦ አነሳ። ከተማው ተቆጣ። ዜማን ሥራውን ለቀቀና በግሉ ዓውደ ርዕይ አዘጋጅ ሆነ። በ1972 ዶክመንታን መራ። ከዚያ በኋላ ሙዚየም የሌለው፣ ስብስብ የማይጠብቅ፣ ሥራው ዓውደ ርዕይ መሥራት ብቻ የሆነ ሰው ተለመደ።

ይህን ሰው ማን ያሠልጥነው? በ1987 ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ውስጥ ማጋዛን የተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1992 ለንደን ያለው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ከአርትስ ካውንስል ጋር ሆኖ ማስተርስ ጀመረ። በ1994 አሜሪካ ባርድ ኮሌጅ፣ በዚያው ዓመት አምስተርዳም ደ አፕል ተከተሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ አራት መሆናቸው ነው። ጊዜው ቢናሌዎች በየአህጉሩ የፈሉበት ዘመን ነው። ሠራተኛ ይፈለግ ነበር።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ።

ፕሮግራሞቹ ይለያያሉ፤ አጥንታቸው ግን ይመሳሰላል። የዓውደ ርዕይ ታሪክ ትማራላችሁ። የሠዓሊ ስቱዲዮ እየሄዳችሁ ታወራላችሁ። ብዙ ትጽፋላችሁ። መጨረሻ ላይ ዓውደ ርዕይ ታዘጋጃላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ማስተርስ አንድ ዓመት ነው። ባርድ ሁለት ዓመት ነው፤ በግቢው ውስጥ የሄሰል ሙዚየም አለ፤ ተማሪው የመመረቂያ ዓውደ ርዕዩን የሚሠራው እዚያ ነው። ደ አፕል ዲግሪ አይሰጥም፤ ጥቂት ሰዎችን መርጦ አብረው እንዲሠሩ ያደርጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የጋራው ዓውደ ርዕይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሮያል ኮሌጅ ለረጅም ጊዜ የታወቀው ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ላይ በሚሠሩት የመመረቂያ ዓውደ ርዕይ ነበር። እስቲ አስቡት። አሥር አሥራ ሁለት ተማሪ አለ። አንድ በጀት ነው ያለው። አንድ ክፍል ነው ያለው። ሁሉም የሚወደውን ሠዓሊ ይዞ ይመጣል። ማንም ወደ ኋላ አይልም። ሳምንታት በስብሰባ ያልቃሉ። ከዚያ እውነታው መምጣት ይጀምራል። ቪዲዮ የሚያሳየው አርቲስት ጨለማ ክፍል ይፈልጋል። ከጎኑ ያለችው ሠዓሊ ደግሞ የቀን ብርሃን ትፈልጋለች። የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው ይህ በር አይሸፈንም ይላል። ቅርጹ በበሩ አይገባም። የትራንስፖርቱ ዋጋ ከታሰበው በላይ ይሆናል። በመጨረሻ አንድ አርቲስት መቀነስ አለበት።

ማን ይንገራት? ደብዳቤውን ማን ይጽፋል?

ሙያው እዚህ ላይ ይጀምራል። ያን ደብዳቤ በክብር መጻፍ ትምህርት ነው። ሠዓሊዋ አንድ ዓመት የደከመችበትን ሥራ አምና ልትሰጣችሁ ነበር። ሳትዋሹ፣ ሳትሸሹ፣ በሌላ ሰው ሳታመካኙ መንገር አለባችሁ። ዓውደ ርዕይ እንደ ሠርግ ድግስ ነው፤ እንግዳው የሚያየው የቀረበውን ነው፣ ማን ሌሊቱን እንዳደረ ግን አያውቅም። ጓዳውን ያላየ ሰው ግን ኩሬተር ሊሆን አይችልም።

ቅር የሚለኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ይህ ክፍል የሌላቸው ፕሮግራሞች አሉ። ዓመቱን ሙሉ ፍልስፍና ይነበባል፤ ጥሩ ነው፣ ማንበብ አልጠላም። ግን ተማሪው አንድ ሥዕል ከግድግዳ ላይ ሳያወርድ ይመረቃል። ከዚያ ማንም የማይገባው መግቢያ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ተመልካቹ ሁለት መስመር አንብቦ ይተወዋል። የተመልካቹ ጥፋት አይደለም። ጥሩ የሥዕል መግለጫ ሃምሳ ስልሳ ቃል ቢሆን ነው። በሃምሳ ቃል እውነተኛ ነገር መናገር ከሃምሳ ገጽ ቴሲስ ይከብዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ጊዜ መግለጫው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ወደ አማርኛ ይመለሳል። እባካችሁ በአማርኛ አስባችሁ ጀምሩ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ተመልካች ከበዛ በኦሮምኛ ጀምሩ። ቤቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው እዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ነው።

ስለ ዕቃም እናውራ። ሥዕል ስትዋሱ ከማንም በፊት ሁኔታውን ትመዘግባላችሁ። ጭረቱ የት ነው? ቀለሙ የት ተነስቷል? ፎቶ ይነሳል፣ ይፈረማል። ሲመለስም እንደዚያው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ጓደኛሞች የተጣሉበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የብድር ውል አለ። ኢንሹራንስ አለ። ጉምሩክ አለ። ብርሃንም አለ። የውሃ ቀለም፣ ጨርቅና በቀለም የተሣለ ብራና ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ በላይ እንዳያገኛቸው ይመከራል። ለዘይት ቀለም እስከ 200 ሉክስ ይፈቀዳል። ከመስኮት የሚገባው የአዲስ አበባ የቀን ብርሃን ግን ሺዎች ሉክስ ሊደርስ ይችላል። ብራና ደግሞ ቆዳ ነው። አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ቀለሙ እየተሰነጠቀ የሚረግፈው በዚህ ነው። ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ስትማሩ ይህን ሁሉ ማሽን ይቆጣጠርላችኋል። እዚህ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ስትማሩ «ማሽኑ ባይኖርስ?» እያላችሁ ጠይቁ። መጋረጃ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ዕቃውን ለሦስት ወር አሳይቶ ማሳረፍ፣ እነዚህም መፍትሔዎች ናቸው።

አንድ ክፍል እንዴት እንደሚናገር ማየት ከፈለጋችሁ ግን አውሮፕላን አያስፈልጋችሁም። ስድስት ኪሎ ሂዱ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 ተመሠረተ። ሙዚየሙ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። እዚያ ያለውን የባህል ዕቃ አቀራረብ በደንብ ብታዩት አንድ ትልቅ ውሳኔ ታያላችሁ። እንደተለመደው ብሔረሰብ በብሔረሰብ፣ ክልል በክልል ቢደረደር ይቻል ነበር። ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። እነሱ ግን በሰው ሕይወት ዙር አደራጁት። ልጅነት አለ። ጉልምስና አለ። ሞትና ከሞት በኋላ ያለው አለ። ስለዚህ የአንዱ አካባቢ ዕቃ ከሌላው ጎን ይቆማል፤ ሁለቱም ሕፃን ያሳድጋሉ፣ ሁለቱም ሙት ያለቅሳሉ። ተመልካቹ «የእኔ ወገን የቱ ጋ ነው?» ብሎ ገብቶ በሌላ ጥያቄ ይወጣል። ከዚያ ወጣ ሲል የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ያገኛል። ተራው ሰው ከልደት እስከ ሞት የሚያልፍበት ታሪክ የተቀመጠው ንጉሥ የተኛበት ቤት ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ሐሳብ የተነገረው በዕቃ አቀማመጥ ነው። ማስተርስ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሴሚስተር ሊያወያይ የሚችል ጉዳይ ነው። እኛ ግን ትምህርት ቤት ልጆችን አሰልፈን በሃያ ደቂቃ እናሳልፋቸዋለን።

ውጭ አገር ክፍል ውስጥ ከተቀመጣችሁ አንድ ቀን መቅደላ መነሳቱ አይቀርም። ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። የሚጠይቋችሁ እናንተን ነው። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ከጦሩ ጋር አብሮ ነበር። ከወታደሮቹ ላይ ዕቃ ይገዛ ነበር። ኩሬተሮች ከዘረፋው ውጭ አልነበሩም ማለት ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስታነሱት ዝምታ ይኖራል፤ ተናገሩት ግን።

በ2018፣ 150ኛው ዓመት ላይ፣ ለንደን የሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎችን በአንድ ማሳያ አቀረበ። የወርቅ ዘውድ ነበር፣ የወርቅ ጽዋ ነበር፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልብስ ነበር። ለንደን ካሉ ኢትዮጵያውያንም ጋር ተመካክረዋል። አሁን እንደ ተማሪ አስቡት። መግለጫው ላይ ዕቃው እንዴት እንደመጣ በግልጽ ይጻፋል ወይስ ይድበሰበሳል? ማን ያንብበው? የተወሰደበት አገር ልጅ መጥታ ዘውዱ ፊት ስትቆም ምን ትሰማለች? የሙዚየሙ ዳይሬክተር በረጅም ጊዜ ብድር ሊመለሱ ይችላሉ አሉ። ኢትዮጵያ ግን የምትጠይቀው መመለስ ነው። ከስብስቡ ዕቃ አውጥቶ እንዳይሰጥ የሙዚየሙን እጅ የሚይዝ የ1983 ሕግ አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ የ1963 ሕግ አለው። ጥሩ ዓውደ ርዕይ የሠራ ኩሬተር እነዚህን ሕጎች አይለውጥም። ግን ክርክሩን ሕዝብ ፊት ያወጣዋል። ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይዟል። ለሕዝብ ታይተው አያውቁም። ያሉበትን ክፍል የሙዚየሙ ሠራተኞች ራሳቸው አይከፍቱትም። የተፈቀደላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ካህናት ብቻ ናቸው። ሙዚየም ማለት ለማሳየት የቆመ ቤት ነው። ሊያሳየው የማይችለውን፣ ሊያጠናው የማይችለውን ነገር ለምን ይይዛል? ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ ሰምቼ አላውቅም። እንደ እኔ መልሱ መመለስ ብቻ ነው። ዌስትሚኒስተር አቢ በእጁ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱን በ2024 አሳውቋል።

እናንተ ይህን ስትከራከሩ ከሌላው ተማሪ የምትሻሉበት ነገር አለ። ቄሰ ገበዝ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ንዋየ ቅድሳቱን የሚረከበው፣ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው፣ በጎደለ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጣና ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብትሄዱ ዘውድና ብራና የሚያሳዩበት ትንሽ ሙዚየም አለ። የሚታየውንና የማይታየውን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ታቦቱ ለጥምቀት ሲወጣ እንኳ ተሸፍኖ ነው። ምን እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚታይ፣ ለማን እንደሚታይ መወሰን እኛ ዘንድ ጥንትም የታወቀ ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን በልበ ሙሉነት ተናገሩ።

ዲያስፖራ ላይ ያላችሁ ዘመዶቻችሁም የዚህ ነገር አካል ናቸው። ባልቲሞር የሚገኘው ዎልተርስ ሙዚየም በ2023 መጨረሻ ከ200 በላይ ዕቃዎች ያሉት ትልቅ የኢትዮጵያ ዓውደ ርዕይ ከፍቶ ነበር። አርቲስቷ ጸዳየ መኮንን የዘመናዊውን ክፍል በእንግዳ ኩሬተርነት ሠርታለች። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ማኅበረሰባችን ከዚያ ሙዚየም ብዙም አይርቅም። የሚመጣው ተመልካች ለራሱ ታሪክ የሚመጣ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ተመልካች መሥራት ለማያውቅ ሰው ከማስረዳት የተለየ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ላወራላችሁ ወደምፈልገው ሰው ልምጣ። ቢሲ ሲልቫ።

ቢሲ በ1962 ሌጎስ ተወለደች። ፈረንሳይ፣ ዲዦን ቋንቋ አጠናች። ከዚያ ለንደን ሮያል ኮሌጅ ያንን የኩሬቲንግ ማስተርስ ተማረች፤ በ1996 ተመረቀች። ለተወሰነ ጊዜ እዚያው ለንደን ሠራች። መቅረት ትችል ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ሌጎስ ተመለሰች። በ2007 መጨረሻ ያባ በሚባለው ሰፈር የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ከፈተች። ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ውስጡ ዓውደ ርዕይ የሚታይበት ክፍል አለ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የሥነ ጥበብ መጻሕፍት ሰበሰበች። ለምን? ለንደን የተማረችው ነገር ሌጎስ ውስጥ መጽሐፍ ከሌለ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ይቀራል። አንድ የሃያ ዓመት ሠዓሊ ከሰፈሩ ተነስቶ ታክሲ ይዞ መጥቶ የሚያነብበት ቦታ አስፈለጋት።

ሌላም ነገር አደረገች። ኦጄይኬሬ የሚባል ናይጄሪያዊ ፎቶ አንሺ ነበር። ለአሥርት ዓመታት የሴቶችን የፀጉር አሠራር ፎቶ አንስቷል። ሹሩባ፣ ክር፣ ቁንዳላ፣ ከኋላ፣ ከጎን። በ2014 ማዕከሏ ስለ እሱ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እሱም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። ዓውደ ርዕይ ይዘጋል፣ ግድግዳው ይቀባል። መጽሐፉ ይቀራል። ኩሬተር መዝገብ የሚተው ሰው መሆኑን ያየሁት በእሷ ሥራ ነው።

ትምህርት ቤትም ጀመረች። በ2010። ስሙ አሲኮ ይባላል። ሕንፃ የለውም። በየጊዜው ከአንዱ የአፍሪካ ከተማ ወደ ሌላው ይዞራል። አንድ ወር ገደማ አርቲስቶችና ኩሬተሮች አንድ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሠራሉ። ሌጎስ ተጀመረ፣ አክራ ሄደ፣ ዳካር ሄደ፣ ማፑቶ ሄደ። በ2016 አዲስ አበባ መጣ። አዎ፣ እዚህ። ከናንተ ብዙዎቹ ያኔ ልጆች ነበራችሁ።

ቢሲ በየካቲት 2019 በጡት ካንሰር አረፈች። ገና 56 ዓመቷ ነበር።

እሷን ያነሳሁት ማስተርሱ ሲያዋጣ ምን እንደሚመስል ስለምታሳይ ነው። ኤንዌዞርና ኮዮ ያለሱ እንደሠሩት እሷ በሱ ሠራች። ግን የለንደኑን ዓውደ ርዕይ ሌጎስ ላይ ልቅዳ አላለችም። ከትምህርቱ ውስጥ ሌጎስ የሚያስፈልጋትን ለየች። ሌጎስ መጽሐፍ አልነበራትም፤ መጽሐፍ ሰበሰበች። ወጣቶቹ የሚማሩበት ቦታ አልነበራቸውም፤ የሚዞር ትምህርት ቤት ሠራች። ስትማሩ የክፍል ጓደኞቻችሁ ስለ ኒው ዮርክ ጋለሪዎች ሲያወሩ እናንተ በውስጣችሁ ይህን ጥያቄ ያዙ፦ ከተማዬ የጎደላት ምንድን ነው?

ስለ አመራረጥ ጥቂት ልበል። ፕሮግራም ስትፈልጉ ስሙን ሳይሆን ክፍሉን ጠይቁ። የራሱ ጋለሪ ወይም ስብስብ አለው? ተማሪው በስሙ የሚዘጋጅ ዓውደ ርዕይ ይሠራል ወይ? በጀት ይሰጠዋል? ዕቃ የሚያስነካው ሰው አለ? የተመረቁትን ፈልጋችሁ ጻፉላቸው፤ አብዛኞቹ ይመልሳሉ። አሜሪካና አውሮፓ ብቻም አትዩ። ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የኩሬተርነት ትምህርት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ይሰጣል። ዳካር ሮው አካዳሚ አለ። እነዚህ ከእኛ ሁኔታ ጋር የሚቀራረቡ ቦታዎች ናቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ያለ ስኮላርሺፕ ሂዱ ብዬ አልመክርም። ለእንግሊዝ ቼቭኒንግ አለ። ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ከጨረሳችሁ በኋላ ሁለት ዓመት አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅጣት ያየዋል። እኔ እንደ ዕድል ነው የማየው። ለአሜሪካ ፉልብራይት፣ ለጀርመን ዳአድ አሉ።

ማመልከቻችሁ ላይ ደግሞ ትልቅ ትልቅ ሐሳብ አትደርድሩ። ያያችሁትን አንድ ዓውደ ርዕይ ጻፉ። ለምሳሌ ስድስት ኪሎ ባለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ። ሙዚየሙ የተከፈተው በ2008 ነው። ገብረ ክርስቶስ በስደት አሜሪካ ሞተ፤ ሥዕሎቹ ደግሞ ከጀርመን ተመለሱ። አንዱ ሥዕል ፊት ቁሙ። ከየትኛው ጎን ተሰቅሏል? ከየት ብርሃን ይመጣበታል? እናንተ ብትሆኑ የት ትሰቅሉት ነበር፣ ለምን? ይህን በአንድ ገጽ በደንብ የጻፈ አመልካች ስለ ግሎባላይዜሽን አሥር ገጽ ከጻፈው ይመረጣል።

አዲስ አበባም የራሷ ፕሮግራም ሊኖራት ይገባል ብዬ አስባለሁ። ነገሩ ሩቅ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ አለ። የጥናትና ምርምር ተቋሙ ሙዚየም አለ። ሦስቱም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ስብስብ፣ ክፍልና ተማሪ አለ ማለት ነው። በማስተርስ መጀመር የለበትም። በአንድ ክረምት፣ ከአሥር የማይበልጡ ሰዎች፣ ከመጋዘን ሃያ ዕቃ አውጥተው፣ ሁኔታውን መዝግበው፣ መግለጫ ጽፈው፣ ለሰፈሩ ሰው በር ቢከፍቱ በቂ ነው። የሚመለከታቸው ሰዎች እዚህ ካላችሁ ከዝግጅቱ በኋላ አናግሩኝ። አብሬ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ስለ ቪዛና ስለ ክፍያ ነበሩ፤ እነሱን እዚህ አልጻፍኳቸውም። አንዲት ወጣት ግን እንዲህ አለች፦ «እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ባንክ ነው የምሠራው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋለሪ ነው የማሳልፈው። ሠዓሊ አይደለሁም። ይቀበሉኛል?»

ይቀበሉሻል አልኳት። ኮዮ ኩኦ የባንክ ትምህርት እንደተማረች ቅድም ተናግሬያለሁ። ዓውደ ርዕዮች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በሐሳብ እጥረት ሳይሆን በጀቱን የሚችል ሰው ጠፍቶ ነው፤ አንቺ ያን ትችያለሽ። የጎደለሽ የሠራሽው ዓውደ ርዕይ ነው። እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ አንድ አዘጋጂ። ሦስት ሠዓሊ ምረጪ፣ ካፌም ይሁን የቀበሌ አዳራሽ ክፍል ፈልጊ፣ ከእያንዳንዱ ሠዓሊ ጋር የተፈረመ ወረቀት ይኑርሽ። ሥዕሎቹን ስትረከቢም ስትመልሺም ፎቶ አንሺ። የመጣው ሰው ምን እንዳለ ጻፊ። የቼቭኒንግ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በእኛ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ወረቀቶችሽን ከክረምቱ ጀምረሽ አዘጋጂ።